ልጆቹ ከተኙ በኋላ

ለመሆኑ አንዲት እናት የቀን ሥራዋን ጨርሳ፣ ልጆቿን አብልታና አስተኝታ፣ የራት ዕቃ አጣጥባ፣ የነገውን የትምህርት ቤት ልብስ አሰናድታ ስታበቃ፣ ከመኝታ በፊት በምትቀራት በዚያች ጥቂት ጊዜ ምን ታደርግባታለች? አብዛኛዎቻችን መልሱን እናውቀዋለን። ደክሞን እንተኛለን። ነገር ግን ጎናችንን አሳርፈን ዓይናችንን ስንከድን በልባችን የሚመላለስ አንድ ነገር አይጠፋም። አንዷ ጀምራ ያቆመችው ጥልፍ ይታወሳታል። ሌላዋ አያቷ ይነግሯት የነበረውን ተረት ከመረሳቱ በፊት በደብተር ላሰፍረው ትላለች። ሦስተኛዋ ለማንም ያላሳየችው ግጥም አላት። ይህ ነገር ሥራ አይባልም፤ ደመወዝ የለውም፤ ቀረ ብሎ የሚጠይቀንም የለም። ስለዚህም «ሲደላኝ» እያልን ከዓመት ዓመት እናሻግረዋለን።

ዛሬ ላጫውታችሁ የመረጥኩት እንዲህ ያለውን የልብ ነገር «ሲደላኝ» ሳይሉ፣ ሦስት ልጆች እያሳደጉ አጥብቀው ስለ ያዙ አንዲት እናት ነው። ስማቸው ወይዘሮ ኧርሱላ ለግዊን ይባላል። አሜሪካዊት ደራሲ ናቸው። በኦክቶበር 21 ቀን 1929 ተወልደው በጃንዋሪ 22 ቀን 2018 በ88 ዓመታቸው አርፈዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሕይወት ዘመናቸው ከ20 በላይ ልብ ወለዶችንና ከ100 በላይ አጫጭር ታሪኮችን አበርክተዋል። ይበልጥ የታወቁትም በምናባዊ ድርሰት ነው፤ ይኸውም በገሐዱ ዓለም የሌለ አገር፣ ባለ አስማት፣ የሚናገርና ክንፍ ያለው ዘንዶ የሚገኝበት የድርሰት ዓይነት ነው።

«እኛ የዘይትና የበርበሬ ዋጋ እያሳሰበን ስለ ዘንዶ ማውራት ምን ይረባናል?» የምትል አንባቢ እንደማትጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ለወይዘሮ ኧርሱላም ብዙ ጊዜ ቀርቦላቸዋል። እንዲያውም በ1974 ባሳተሙት አንድ ጽሑፍ፣ ያገራቸው ሰዎች፣ በተለይም ወንዶቹ፣ ገንዘብ የማያስገኝን ነገር ሁሉ የሕፃን ጨዋታ አድርገው ማየታቸውን ነቅፈዋል። በእርሳቸው አስተሳሰብ ምናብ እንደ ማንኛውም የሰው ችሎታ ነው። ካልሠራንበት ይሰንፋል፤ ብናፍነውም አይሞትም፤ ይልቁንም በማይረባ መንገድ ይወጣል። አዋቂ የሚባለውም ልጅነቱን የገደለ ሳይሆን ልጅነቱን ይዞ ያደገ ሰው ነው።

እሳት ዳር የተሰማ ተረት

ወይዘሮ ኧርሱላ የተወለዱት በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በርክሌይ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። አባታቸው አልፍሬድ ክሮበር ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ባህልና ቋንቋ ያጠኑ የታወቁ ምሁር ነበሩ። ቤተሰቡ ክረምት ከትምህርት ቤት መዘጋት በኋላ ወደ ገጠር ይወርድ ስለ ነበር፣ አባትየው ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ከነባሮቹ ሕዝቦች የሰሙትን ተረት ለልጆቻቸው ይነግሩ ነበር። ኧርሱላም ከሦስት ወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ያዳምጣሉ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያልን ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚያ ቤት ሌላም ታሪክ ነበር። በ1911 አንድ ሰው ከተራራ ወርዶ ኦሮቪል በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ብቻውን ተገኘ። ያሂ የሚባለው ሕዝቡ ወርቅ ፍለጋና መሬት ፍለጋ በመጡ ሰፋሪዎች ተጨፍጭፎ አልቋል። ይህን ሰው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወስደው በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ካኖሩት ሰዎች አንዱ አባታቸው ነበሩ። ሰውየው በሕዝቡ ልማድ መሠረት ስሙን ለባዕድ አይናገርም ነበርና «ኢሺ» ብለው ጠሩት። ትርጉሙ በራሱ ቋንቋ «ሰው» ማለት ነው። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት እውነተኛ ስሙን ይዞት ሄደ። ኧርሱላ ገና አልተወለዱም ነበር። ስለዚህ ስም ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የኢሺን ታሪክ መጽሐፍ አድርገው በ1961 ያሳተሙት ደግሞ እናታቸው ቴዎዶራ ክሮበር ናቸው። ሴትዮዋ ብዕር የጨበጡት አራቱንም ልጆቻቸውን አሳድገው ካበቁ በኋላ ሲሆን፣ መጽሐፉ ሲወጣ ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ነበር። መጽሐፉም በሰፊው ተነበበላቸው። እንግዲህ እናትየው እስኪደላቸው የጠበቁ ሲሆኑ፣ ልጅየዋ ግን ለመጠበቅ አልፈለጉም።

አሥር ዓመት ያለ ክፍያ

ኧርሱላ የመጀመሪያ ታሪካቸውን ለመጽሔት የላኩት በ11 ዓመታቸው ነው። ተመለሰላቸው። ካደጉ በኋላም ከዚህ የተለየ ዕድል አልገጠማቸውም። በ1951 ከኮሌጅ፣ በ1952 ደግሞ በሁለተኛ ዲግሪ ተመረቁ። በ1953 በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ፈረንሳይ ለመሄድ በተሳፈሩባት መርከብ ላይ ቻርልስ ለግዊን ከተባሉ የታሪክ ተማሪ ጋር ተዋወቁና በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓሪስ ላይ ተጋቡ። የዶክትሬት ትምህርታቸውንም ተዉት። በኋላ ባለቤታቸው በኦሬጎን ክፍለ ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ፣ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ስለ ሆኑ ኑሯቸውን እዚያው መሠረቱ። በ1957 እና በ1959 ሁለት ሴቶች፣ በ1964 ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በእነዚህ ዓመታት ወይዘሮ ኧርሱላ መጻፍ አላቋረጡም። ከ1951 እስከ 1961 ድረስ አምስት ልብ ወለዶች ጽፈዋል። አንዱንም የሚያትምላቸው አላገኙም። አሳታሚዎቹ «ጥሩ ይጽፋሉ፤ ነገር ግን ምን ዓይነት ድርሰት እንደ ሆነ አልገባንም» በሚል መንፈስ ይመልሱላቸው ነበር። ለአንድ ታሪክ ገንዘብ የተከፈላቸው በ1962፣ ዕድሜያቸው ወደ 33 ሲቃረብ ነው። የተከፈላቸውም 30 ዶላር ነበር።

አሁን እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት፣ ለአሥር ዓመት ጽፋ ምንም ያላገኘች ሴት ጎረቤታችን ብትሆን ምን እንላት ነበር? «ይኸን ጊዜ ሹራብ ብትሠሪበት ይሻልሽ ነበር» የማንላት ስንቶቻችን ነን?

ታዲያ ጊዜውን ከየት አመጡት? መልሱ ቀላል ነው፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። ልጆቹ በጊዜ እንዲተኙ የቤቱ ደንብ ነበር። እናትየው ከዚያ በኋላ ጠረጴዛቸው ዘንድ ይቀመጣሉ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ደግሞ ሥራው ወደ ቀን ተዛወረ።

ይሁን እንጂ ወይዘሮ ኧርሱላ ስለዚህ ጉዳይ በተጠየቁ ቁጥር ምስጋናውን ለራሳቸው ብቻ አይወስዱም። አንድ ሰው ሁለት ሙሉ ሥራ መሥራት አይችልም፤ ሁለት ሰዎች ግን ተጋግዘው ሦስት ሙሉ ሥራ መሥራት ይችላሉ ይሉ ነበር። ሦስቱ ሥራዎች የባልየው ማስተማር፣ የሚስትየዋ መጻፍ፣ ልጅና ቤት መያዝ ናቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ልጅ ማሳደግንና ቤት መያዝን እንደ ሥራ ቆጥረውታል። ሥራ ከሆነ ደግሞ ለሁለቱም የሚደርስ ድርሻ አለው ማለት ነው። ቻርልስ ለግዊን ሚስታቸው ስትጽፍ ልጆቹን የሚይዙት «ውለታ ልዋልላት» ብለው ሳይሆን፣ የራሳቸው የቤት ሥራ ስለ ሆነ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ወይዘሮ ኧርሱላ ብዙዎቻችን የሌለን ምቾት ነበራቸው። የባላቸው ደመወዝ የማይቋረጥ ነበር። የፋብሪካ ፈረቃ ወይም የቢሮ ሰዓት አልነበረባቸውም፤ ውኃ ቀድተው፣ እንጀራ ጋግረው አልነበረም የሚቀመጡት። ስለሆነም «እርሳቸው ከቻሉ አንቺስ ምን አነሰሽ?» ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከእርሳቸው የምንማረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰዓቱ በራሱ አለመምጣቱንና፣ ቤተሰቡ ተስማምቶ የሚያስከብረው መሆኑን ነው።

ካርታ፣ ስም፣ ጥላ

በ1967 አንድ አሳታሚ ወይዘሮ ኧርሱላን ለወጣቶች የሚሆን መጽሐፍ እንዲጽፉ ጠየቃቸው። ነገሩን ሲያወጡና ሲያወርዱ አንድ ጥያቄ መጣላቸው። በድሮ ታሪኮች ውስጥ ባለ አስማት ሁሉ ጢሙ የነጣ ሽማግሌ ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌ ሆኖ የሚወለድ የለምና፣ እነዚህ ሰዎች በልጅነታቸው ምን ነበሩ? ያን ጥበብስ የት ተማሩት? ከዚህች የእናት ጥያቄ የኧርዝሲ ዓለም ተወለደ። «ምድርና ባሕር» እንደ ማለት ነው፤ አገሩ በሙሉ ደሴት ነውና።

ከመጻፋቸው በፊት ያደረጉት ካርታ መሳል ነበር። በትልቅ ወረቀት ላይ ደሴቶቹን አንድ በአንድ እየነደፉ ስም አወጡላቸው። ከትንንሾቹ ደሴቶች መካከል ሦስቱን በሦስቱ ልጆቻቸው የቁልምጫ ስም ሰየሟቸው። አንባቢው ይህን አያውቅም፤ ልጆቹ ግን ያውቃሉ።

ስለ አሠራራቸው ሲያስረዱ እኔ ቤት እንደሚነድፍ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ያልታወቀ አገር እንደሚያስስ መንገደኛ ነኝ የሚል ሐሳብ ይሰጡ ነበር። በልባቸው ውስጥ ያለውን አገር እየዞሩ ያዩታል እንጂ አቅደው አይሠሩትም። በ1969 የወጣው ሌላው ታዋቂ መጽሐፋቸው «የጨለማ ግራ እጅ» የተጀመረው ሁለት ሰዎች በሰፊ የበረዶ ሜዳ ላይ አንድ ነገር ሲጎትቱ ከሩቅ በሐሳባቸው ስለ ታዩአቸው ብቻ ነው። ማን እንደ ሆኑ፣ ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም ነበር። መጽሐፉን የጻፉት ያንን ለማወቅ ነው ለማለት ይቻላል። ይህ መጽሐፍ በዘርፉ የሚሰጡትን ሁለት ትልልቅ ሽልማቶች፣ ሁጎንና ነቡላን፣ አስገኝቶላቸዋል።

ወደ ስም ጉዳይ እንመለስ። በኧርዝሲ ዓለም ማንኛውም ነገር፣ ድንጋዩም፣ ጭልፊቱም፣ ሰውም እውነተኛ ስም አለው። የአንድን ነገር እውነተኛ ስም ያወቀ በዚያ ነገር ላይ ኃይል ይኖረዋል። ስለዚህ ሰዎች በመንደር የሚጠሩበት ስም ሌላ ነው፤ እውነተኛውን ግን የሚነግሩት ከነፍሳቸው ለሚያምኑት ሰው ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ ስሙን ሳይናገር ከሞተው ከኢሺ የመጣ ነው ብዬ አልደመድምም፤ የስም ምሥጢር በብዙ ሕዝብ ተረት ውስጥ አለና። እኛም አገር ቢሆን ስሙን ያወቀ ሰው መተት ይሠራብኛል በሚል ሥጋት የክርስትና ስሙን ደብቆ የሚኖር ጥቂት አልነበረም። «አስማት» የሚለው ቃላችንም በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው። ስለዚህ የኧርዝሲ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ማብራሪያ አይጠይቅም።

የመጀመሪያው መጽሐፍ «የኧርዝሲው ባለ አስማት» በ1968 ታተመ። ባለ ታሪኩ ጌድ የሚባል የፍየል እረኛ ነው። እናቱ ዓመት ሳይሞላው ሞተችበት፤ የመጀመሪያውን አስማት ያስተማረችው አክስቱ ናት። ልጁ ታላቅ ችሎታ ነበረው፤ ትዕቢትም ነበረው። በጥበብ ትምህርት ቤት ሳለ ከጓደኛው ጋር ተፎካክሮ፣ የሞተ ሰው መንፈስ እጠራለሁ ሲል ከጨለማ አንድ ጥላ ለቀቀ። ያ ጥላ ከደሴት ደሴት አሳደደው። በመጨረሻ ጌድ መሸሹን ትቶ ጥላውን ራሱ ማሳደድ ያዘ። በዓለም ዳርቻ ሲገናኙም ፊት ለፊት ቆሞ በስሙ ጠራው። የጥላው ስም የራሱ የጌድ ስም ነበር።

እናንተ እናቶች፣ ልጅ ስታሳድጉ ይህን አላያችሁም? ልጅ ያጠፋውን ጥፋት «እኔ አይደለሁም» ብሎ ሲሸሽ ጥፋቱ እየተከተለ ያሳድደዋል። «አዎን፣ እኔ ነኝ» ያለ ዕለት ግን ይገላገላል። ወይዘሮ ኧርሱላ ይህን በምክር ቢጽፉት ኖሮ አንድ ገጽ አይሞላም ነበር፤ ለልጅም አይገባውም። በታሪክ ስለ ጻፉት ግን ከልጅ እስከ አዋቂ ያነብበዋል።

ሌላም ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። ጌድ ነጭ አይደለም። መልኩ ቀይ ዳማ ነው፤ ወዳጁ ጥቁር ነው፤ አብዛኛው የኧርዝሲ ሕዝብም እንዲሁ ጠይም ወይም ጥቁር ነው። በመጽሐፉ ነጮቹ ከወደ ምሥራቅ እየመጡ የሚወርሩና የሚዘርፉ ሕዝቦች ናቸው። በ1968 አሜሪካ እንዲህ ብሎ መጻፍ ቀላል አልነበረም። የመጽሐፉን ሽፋን የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው ጌድን ነጭ አድርገው ሥለውታል። በ2004 የቀረበው የቴሌቪዥን ፊልምም እንደዚሁ ስላደረገ፣ ደራሲዋ በይፋ ተቃውሟቸውን ጽፈዋል።

ቀኑን መከፋፈል

ልጆቹ ካደጉ በኋላ የወይዘሮ ኧርሱላ ቀን ምን ይመስል እንደ ነበር በ1988 ለአንድ ጠያቂ ዘርዝረዋል። ይመቻል የሚሉት የሥራ ቀን በእኛ ሰዓት ሲሰላ እንዲህ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ይነቁና ተጋድመው ያስባሉ። 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሥተው ቁርስ ይበላሉ፤ ያውም በርከት አድርገው። ከጧቱ 1 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ እስከ ቀትር ይጽፋሉ። 6 ሰዓት ላይ ምሳ ነው። ከ7 እስከ 9 ሰዓት ያነባሉ፤ ሙዚቃ ያዳምጣሉ። ከ9 እስከ 11 ደብዳቤ ይመልሳሉ፤ ቤትም ያጸዱ ይሆናል። ከ11 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ራት ሠርተው ይበላሉ። ከ2 ሰዓት በኋላ ግን ጭንቅላቴ ስለማይሠራ ባንነጋገርበት ይሻላል ብለው ቀልደዋል።

ይህን ዝርዝር ሳነብ ሁለት ነገር ገረመኝ። አንደኛው፣ ተጋድሞ ማሰብ ራሱን የቻለ ሰዓት ማግኘቱ ነው። እኛ ዓይናችን እንደ ተገለጠ ካልተነሣን ሰነፍ የተባልን ይመስለናል። ለደራሲዋ ግን ያቺ ጊዜ የሥራው መጀመሪያ ናት። ሁለተኛው፣ ራት መሥራትና ቤት ማጽዳት ከንባብና ከደብዳቤ ጋር እኩል መቆጠሩ ነው። ታላቅ ደራሲ ሲባል አገልጋይ ቡና አፍልቶ የሚያቀርብለት፣ በሩን ዘግቶ የሚውል ሰው ነው በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣብን። እኚህ ደራሲ ግን ራሳቸው ሽንኩርት ይልጣሉ።

አንድ ልማድም ልጨምርላችሁ። ለጀማሪ ጸሐፊዎች በ1998 ባሳተሙት የማስተማሪያ መጽሐፍ፣ የጻፋችሁትን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት እያሉ አጥብቀው ይመክራሉ። ዓይን ያለፈውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋልና። ለልጇ ተረት የምትነግር እናት ይህን ታውቀዋለች። ቃሉ ሲያነክስ የልጁ ዓይን ወዲያውኑ ወደ ሌላ ይሄዳል።

ከመጽሐፋቸው ውስጥ ያጡት ሰው

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልነግራችሁ ወደ ፈለግሁት ደርሻለሁ። እኚህ ሦስት ልጆች ያሳደጉ፣ ቤት የያዙ ሴት፣ በፈጠሩት ዓለም ውስጥ ለራሳቸው ቢጤ ቦታ አልሰጡም ነበር። በመጀመሪያው መጽሐፍ የጥበብ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ወንዶችን ብቻ ነው። የሴት አስማት ደካማና ክፉ ነው የሚል ተረትና ምሳሌ እንኳ በዚያ አገር ይነገራል። በሁለተኛው መጽሐፍ ተናር የምትባል ልጅ ዋና ባለ ታሪክ ናት። ገና በአምስት ዓመቷ ከእናቷ ተነጥላ፣ ስሟን ተቀምታ፣ በጨለማ ዋሻ የምታገለግል የጣዖት ካህን እንድትሆን ትደረጋለች፤ በኋላ ከጌድ ጋር ነፃ ትወጣለች። ሦስተኛው መጽሐፍ በ1972 ሲወጣ ግን ተናር የለችም። መጽሐፉ በ1973 ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ሁሉም ሰው ታሪኩ አልቋል ብሎ አመነ።

ደራሲዋ ግን አላመኑም። አራተኛውን መጽሐፍ ለመጻፍ እየሞከሩ አልሆን አላቸው። ምክንያቱን ራሳቸው በኋላ ገልጸውታል። ስለ ጀግና መጻፍን የተማሩት ከወንዶች ነበር። ጀግናው ወንድ፣ ጥበቡ የወንድ፣ ጉዞው የወንድ ነው። አንዲት ሴት፣ ያውም ባለ ትዳርና እናት፣ በዚያ ዓለም ምን እንደምታይ መጻፍ አይችሉበትም ነበር። የራሳቸውንም ስም ቢሆን አንድ የወንዶች መጽሔት በ1969 ታሪካቸውን ሲያትም ሴትነታቸው እንዳይታወቅ በፊደል ምሕፃረ ቃል እንዲሆን ጠይቋቸው እሺ ብለዋል፤ በኋላም ተጸጽተውበታል።

አራተኛው መጽሐፍ «ተሃኑ» የታተመው በ1990፣ ከሦስተኛው 18 ዓመት ቆይቶ ነው። ተናር ተመልሳ መጣች። አሁን ግን የገበሬ ሚስት የነበረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች አሳድጋ የዳረችና ያሰማራች መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ናት። የገዛ ሰዎቿ ደብድበው እሳት ውስጥ የጣሏትን አንዲት ትንሽ ልጅ አንሥታ ታሳድጋለች። ታላቁ ጌድም ኃይሉን በሙሉ አጥቶ፣ ቆስሎና አፍሮ ወደ ቤቷ ይመጣል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አስማት ጥቂት ነው። ፍየል ማለብ፣ ዕቃ ማጠብ፣ የተቃጠለች ልጅን ቁስል ማከም፣ የሚፈራን ልጅ ማባበል ብዙ ነው። የተናር ልጅ ከባሕር ሥራው ሲመለስ የበላበትን ሳህን ለማንሣት «የሴት ሥራ ነው» ብሎ እምቢ ይላል። እናትየውም በልጁ ከመናደድ ይልቅ እንዲህ አድርጌ ያሳደግሁት እኔ ነኝ በማለት ታዝናለች። ዘንዶና አስማት ባለበት መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ሳህን ጉዳይ ይህን ያህል ከበደ።

አንዳንድ አንባቢ በዚህ መጽሐፍ አዘነ። «ጀግናችንን አወረዱብን» ያሉ ነበሩ። መጽሐፉ ግን የዓመቱን የነቡላ ሽልማት አገኘ። እኔ እንደሚመስለኝ የሴትዮዋ ትልቁ ድፍረት ዘንዶ መፍጠራቸው አልነበረም። በ60 ዓመታቸው የገዛ ሥራቸውን መለስ ብለው አይተው «እኔ የት አለሁ?» ብለው መጠየቃቸው ነው። ጌድ ጥላውን በስሙ እንደ ጠራው ሁሉ፣ እርሳቸውም የሸሹትን ነገር በስሙ ጠሩት።

እርሳሱ የማን ነው?

በ1988 ወይዘሮ ኧርሱላ ስለ ሴት ጸሐፊዎች አንድ ረጅም ጽሑፍ አዘጋጅተው ነበር። በዚያን ዘመን አንዲት ሴት ወይ መጽሐፍ ወይ ልጅ ትምረጥ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይሆንም የሚል አስተሳሰብ ሰፍኖ ነበር። እርሳቸው ይህን አልተቀበሉም። ማርጋሬት ኦሊፋንት የተባሉትን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የኖሩትን ስኮትላንዳዊት ደራሲ አስታወሱ። እኚያ ሴት ባላቸው ሞቶባቸው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በብዕራቸው ነው። የሚጽፉትም የግል ክፍል ሳይኖራቸው፣ ቤተሰብ በሚወጣበትና በሚገባበት፣ ጨዋታና ስፌት ባለበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። የራስ ክፍል ማግኘት መልካም ነው፤ ነገር ግን ክፍል እስኪገኝ ሥራው መቆም የለበትም። ወይዘሮ ኧርሱላ ጽሑፋቸውን ሲያጠቃልሉም ለጸሐፊዋ የግድ የሚያስፈልጋት እርሳስና ወረቀት መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ግን በእርሳሷ ላይ አዛዥዋ ራሷ ብቻ እንደ ሆነች ማወቅ እንዳለባት አሳስበዋል።

በኖቬምበር 2014፣ በ85 ዓመታቸው፣ ለአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ላበረከቱት አስተዋጽኦ ብሔራዊ ሜዳይ ሲሸለሙ ያሰሙት ንግግርም ከዚሁ የራቀ አልነበረም። መጪው ዘመን አስቸጋሪ እንደሚሆን፣ በዚያን ጊዜም ከምንኖርበት የተለየ አኗኗር ሊኖር እንደሚችል ማየት የሚችሉ ጸሐፊዎች እንደሚያስፈልጉ ተናግረዋል። ምናብ የሚረባው ለዚህ ነው። ልጇ ሳህኑን ሲያነሣ በሐሳቧ ያላየች እናት፣ እንዲያነሣ አታስተምረውም።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቼ፣ ሁላችንም ደራሲ እንሁን ማለቴ አይደለም። በልባችን የሚመላለሰውን ነገር ግን በስሙ እንጥራው። ጥልፍ ከሆነ ጥልፍ፣ ግጥም ከሆነ ግጥም፣ የማታ ትምህርት ከሆነ ትምህርት እንበለው። ከዚያም ለባለቤታችን፣ ለታላላቆቹ ልጆቻችን፣ አብረውን ለሚኖሩ ዘመዶች እንንገራቸው፤ በሳምንት ሁለት ምሽት ብትሆንም ሰዓቷ እንድትከበር እንስማማ። ያን ምሽት ሳህኑን ሌላ ሰው ያጥባል። መጀመሪያ ላይ ያንጎራጉሩ ይሆናል፤ ይለምዱታል።

እናንተም አባቶች ይህን ገጽ እያነበባችሁ ከሆነ፣ ሚስታችሁ ማታ ደብተር ይዛ ብትቀመጥ «ምን ትጫጭሪያለሽ?» ከማለታችሁ በፊት ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ሌላ ክፍል ግቡ። ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነም ልጆቹን አሰባስቡና ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ተረት ንገሯቸው።